በልምድ መጀመር፣ ግራም ስቴይን ወይስ ካልቸር? በወሎ ሆስፒታሎች የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ለመምረጥ

ከመካነ ሰላም ወይም ከኮቦ በሪፈር የመጣ፣ የሚያተኩሰው፣ አንገቱ የተገተረና መናገር ያቃተው ሕመምተኛ ደሴ ሲደርስ መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የካልቸርና የሴንሲቲቪቲ ውጤት፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መፈተሽ፣ ግን ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። ላብራቶሪው በበኩሉ ናሙናው በደረሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀለም የተቀባ ስላይድ አይቶ መልስ መስጠት ይችላል። ይህ መመሪያ የሚያነጻጽረው እነዚህን ሦስት መንገዶች ነው፦ ምልክቱን አይቶ በሕክምና መመሪያው መሠረት በልምድ መጀመር፣ ግራም ስቴይን፣ ማለትም ባክቴሪያን በቀለም ለይቶ የሚያሳየውን ስላይድ፣ አይቶ መምረጥ፣ ካልቸር ጠብቆ መወሰን።

ሦስቱ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይደሉም። ካልቸር ተልኮ፣ በልምድ ተጀምሮ፣ ስላይዱ መሃል ላይ ገብቶ ሊያስተካክል ይችላል። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰውም ሪኤጀንትም (የምርመራ ኬሚካል) በሚያጥርበት ላብራቶሪ ለየትኛው ናሙና ግራም ስቴይን መሥራት ያዋጣል? ሐኪሙስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ይዞ እስከ ምን ድረስ መሄድ ይችላል? የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ስላይዱ ላይ የታየ ነገር መድኃኒት ያስጨምራል ወይም ያስለውጣል፤ ያልታየ ነገር ግን መድኃኒት አያስቆምም።

እያንዳንዱ መንገድ የሚሰጠውና የሚያጎድለው

በልምድ መጀመር፣ በተለምዶ ኢምፒሪካል የምንለው፣ ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ማጅራት ገትር ወይም በደም የተሠራጨ ኢንፌክሽን የተጠረጠረበት ሰው ስላይድ እስኪደርቅ መጠበቅ የለበትም። ድክመቱ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ወደ ሴፍትሪያክሶን መውሰዱ ነው። ሴፍትሪያክሶን ብዙ ባክቴሪያ ላይ ቢሠራም የማይደርስባቸው አሉ፦ ሊስቴሪያ፣ ኢንትሮኮከስ፣ ሱዶሞናስ፣ ሜቲሲሊንን የተላመደ ስታፊሎኮከስ። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያም ይቋቋመዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሊስቴሪያ፣ ኢንትሮኮከስና አባ ሰንጋ በቅርጻቸውና በቀለማቸው ስላይድ ላይ ሊጠረጠሩ ይችላሉ። ግራም ስቴይን ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በምድብ ሲከፋፍል ሴፍትሪያክሶንን በጥንቃቄ መያዝ ካለባቸው ጋር እንደመደበው፣ አምፒሲሊን፣ ጀንታማይሲንና ክሎክሳሲሊንን ደግሞ በቅድሚያ ከሚመረጡት ጋር እንዳስቀመጠም ማስታወስ ይገባል።

ግራም ስቴይን የዴንማርኩ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ካሳተመው ጊዜ ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም። አራት ፈሳሽ፣ አንድ ስላይድ፣ ባለ 100 ሌንስና የኢመርሽን ዘይት ይበቃሉ። ቀለም መቀባቱ ራሱ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ ጊዜ የሚፈጀው ማድረቁና በጥንቃቄ ማየቱ ነው። የሚነግረን ባክቴሪያ መኖሩን፣ ቀለሙን (ወይን ጠጅ ከሆነ ግራም ፖዘቲቭ፣ ሮዝ ከሆነ ግራም ኔጋቲቭ ይባላል)፣ ቅርጹንና አሰላለፉን፣ በዙሪያው ነጭ የደም ሴል መኖር አለመኖሩን ነው። የማይነግረን ደግሞ የባክቴሪያውን ትክክለኛ ስምና መድኃኒት የተላመደ መሆኑን ነው። የወይን ዘለላ የመሰለ ስታፊሎኮከስ በክሎክሳሲሊን ይሞት ወይም ቫንኮማይሲን ይፈልግ፣ ስላይዱ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሮዝ በትር መስሎ የሚታየው ኢ. ኮላይም ሴፍትሪያክሶንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ይኑረው አይኑረው በዓይን አይለይም።

ይህን የሚመልሰው ካልቸር ብቻ ነው። ባክቴሪያው እስኪበቅል ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ ለሴንሲቲቪቲ ደግሞ ሌላ አንድ ቀን ይጠይቃል። በወሎ ካልቸር የሚሠራው በጥቂት ቦታ ነው፤ ከነዚህ አንዱ ደሴ ያለው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ነው። ከወልድያ እስከ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ናሙናው በመንገድ ሲቆይ ቶሎ የሚሞተው ባክቴሪያ ይሞታል፣ ቶሎ የሚራባው ደግሞ በዝቶ ይደርሳል። ስለዚህ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር እዚያው ወልድያ ወይም መርሳ ላይ የተሠራው ስላይድ ክብደት ይጨምራል።

አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ሊዘነጋ አይገባም። ጤና ጣቢያው ከመላኩ በፊት የመጀመሪያውን የሴፍትሪያክሶን መርፌ ሰጥቶ ይሆናል፤ ይህም ትክክለኛ ሥራ ነው። ግን ሜኒንጎኮከስ፣ አንዱ የማጅራት ገትር ባክቴሪያ፣ በደም ሥር ከተሰጠ መድኃኒት በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ ካልቸር ላይ አልበቅል ሊል ይችላል። የሞተው ባክቴሪያ አካል ግን ፈሳሹ ውስጥ ይቆያል፤ ስላይድ ላይም ሊታይ ይችላል። መድኃኒት ወስዶ በመጣ ሕመምተኛ ላይ «ካልቸሩ ለማንኛውም አይበቅልም» ብሎ የወገብ ናሙና መውሰድን መተው ስላይዱንም መተው ነው።

ሲኤስኤፍ፦ ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው ናሙና

ሲኤስኤፍ የምንለው የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ በጤናማ ሰው ላይ ባክቴሪያ የለበትም። ስለዚህ አንድም ቢሆን በእርግጥ የታየ ባክቴሪያ ትርጉም አለው። በባክቴሪያ የመጣን ማጅራት ገትር ግራም ስቴይን ከ60 እስከ 90 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ያሳያል፤ «አለ» ሲል ደግሞ የሚሳሳተው እምብዛም ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የባክቴሪያው ብዛት ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100,000 በላይ ሲሆን ስላይዱ ሁሌም ለማለት ይቻላል ያሳያል፤ 1,000 እና ከዚያ በታች ሲሆን ግን ከአራት አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። «ባክቴሪያ አልታየም» የሚለው መልስ ሕመምተኛውን ከማጅራት ገትር ነፃ የማያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። ነጭ የደም ሴሉ በዝቶ፣ ስኳሩ ወርዶ፣ ስላይዱ ባዶ ከሆነ መድኃኒቱ ይቀጥላል።

ፈሳሹን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ። ሜኒንጎኮከስና ሄሞፊለስ ቅዝቃዜ አይችሉም። የደሴ ክረምት ራሱ ለነሱ ብርድ ነው፤ ቱቦው በመስኮት ጠርዝ ላይ መቆየት የለበትም። ከ1 ሚሊ ሊትር በላይ ካለ በ1,500 ጂ (የማሽከርከር ኃይል መለኪያ) ለ15 ደቂቃ ይሽከርከር። ብዙ ሴንትሪፉጅ የሚያሳየው ጂ ሳይሆን ዙር በደቂቃ ነው፤ ከመሃሉ እስከ ቱቦው ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3,000 ዙር ወደ 1,500 ጂ ይመጣል። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ያው 3,000 ዙር 1,000 ጂ ብቻ ነው። በማስመሪያ መለካት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉት። ፈሳሹ ትንሽ ከሆነ አታሽከርክሩት፤ አንድ ጠብታ ጣል አድርጋችሁ ሲደርቅ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ጠብታ ጨምሩ። አልታየም ከማለታችሁ በፊት በዘይት ሌንስ 100 ፊልድ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ቦታ) እዩ።

የታየው ምን ያስለውጣል? ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው፣ ጥንድ ሆነው ሹል ጫፋቸውን ወደ ውጭ ያዞሩ ኮካይ (ክብ ባክቴሪያዎች) ከታዩ ኒሞኮከስ ነው ብሎ መነሳት ይቻላል። ለአዋቂ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ለሕፃን በቀን 100 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። የተላመደ ኒሞኮከስ ከተጠረጠረና ቫንኮማይሲን ካለ ይጨመራል። ከመጀመሪያው መርፌ ጋር የተጀመረ ዴክሳሜታሶን ካለም ለመቀጠል ትልቁ ምክንያት ይህ ግኝት ነው።

ጠፍጣፋ ጎናቸውን ያጋጠሙ ሁለት የቡና ፍሬ የሚመስሉ ሮዝ ዲፕሎኮካይ፣ በተለይ በነጭ የደም ሴል ውስጥ፣ ከታዩ ሜኒንጎኮከስ ነው። ያው ሴፍትሪያክሶን ለ7 ቀን ይበቃል። ለውጡ ከአልጋው ውጭ ነው፦ ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ለወረዳው የበሽታ ቅኝት ባለሙያ በዚያው ቀን መደወል፣ አብረው የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት የመከላከያ መድኃኒት ጉዳይም መነሳት አለበት።

አጫጭር፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው በትሮች ከታዩ «ከቆዳ የገባ ብክለት ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት ሕመምተኛው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ጨቅላ፣ ነፍሰ ጡር፣ ከ50 ዓመት በላይ ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ከሆነ ሊስቴሪያ ነው ብሎ መያዝ ይገባል፤ ሴፍትሪያክሶን ብቻውን አያድነውም። አምፒሲሊን፣ ለአዋቂ 2 ግራም በየ4 ሰዓቱ፣ ይጨመር። በዚህ ሕመምተኛ ላይ የሕይወትና የሞት ልዩነት የሚፈጥረው ያ ስላይድ ሊሆን ይችላል።

በጣም ደቃቅና ገርጣ ያሉ ሮዝ በትሮች፣ አንዳንዱ ክብ አንዳንዱ ረዘም ያለ፣ ሄሞፊለስ ናቸው። ከሮዝ ፕሮቲን ጀርባ ስለሚደበቁ በቀላሉ ያመልጣሉ። ከባክቴሪያ በብዙ የሚበልጥ፣ ሲያቆጠቁጥ የሚታይ ክብ ነገር ደግሞ እርሾ መሰል ፈንገስ ነው፤ ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ክሪፕቶኮከስን በኢንዲያ ኢንክና በአንቲጅን ምርመራ አጣሩ።

መግል፣ ሽንት፣ አክታና ሌሎች

መግል ሁለተኛው ጥሩ ናሙና ነው፤ ግን አወሳሰዱ ይወስነዋል። ከተዘጋ እብጠት በሲሪንጅ የተሳበ መግል ብዙ ይናገራል። አፉ ከተከፈተ የቆየ ቁስል ላይ በጥጥ የተጠረገ ግን የቆዳውን ነዋሪ ሁሉ ይዞ ይመጣል። ቁስሉ ክፍት ከሆነ በሳላይን በደንብ ታጥቦ ከሥሩ ይወሰድ። የወይን ዘለላ ከታየ ክሎክሳሲሊን፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰካ ሰንሰለት ከታየ ፔኒሲሊን ወይም አምፒሲሊን መነሻ ይሆናል። ብዙ ዓይነት ቅርጽ ተደባልቆ፣ መግሉም የሚከረፋ ከሆነ ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች አሉበት ማለት ነው፤ ሜትሮኒዳዞል ይጨመር።

በመግል ስላይድ ላይ ትልቁ አደጋ የነጭ የደም ሴል አለመኖር ነው። ጥቂት ነጭ የደም ሴል፣ ብዙ ወፍራም፣ ጫፋቸው አራት ማዕዘን የመሰለ ወይን ጠጅ በትሮች ከታዩ፣ ሕመምተኛውም ሕመሙ ከቁስሉ በላይ ከሆነበት፣ ጋዝ ጋንግሪን ነው ብላችሁ ቀዶ ሐኪም ጥሩ። የክሎስትሪዲየም መርዝ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚያጠፋ ባዶ መምሰሉ ምልክቱ ራሱ ነው። ፔኒሲሊንና ክሊንዳማይሲን ይጀመራል፤ የሞተው ሥጋ ካልተቆረጠ ግን መድኃኒት ብቻውን አይበቃም።

አባ ሰንጋም በዚሁ ረድፍ ነው። ከብት አርዶ ወይም የሞተ ከብት ቆዳ ገፎ የመጣ ገበሬ፣ ክንዱ ላይ የማያመው ጥቁር እከክና ሰፊ እብጠት ካለው፣ ከእከኩ ጠርዝ ሥር የተወሰደው ፈሳሽ ላይ እንደ ቀርከሃ አንጓ የተቀጣጠሉ ትላልቅ ወይን ጠጅ በትሮች ይታያሉ። በቆዳ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊ ግራም ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጠዋል። በሴፍትሪያክሶን ተጀምሮ «አልተሻለውም» ተብሎ ቀን ማለፍ የለበትም። ስላይዱን የሚሠራው ባለሙያ ጓንትና ማስክ ይልበስ፤ ለወረዳው የእንስሳት ሕክምናም ይነገር።

ሽንት ላይ ግራም ስቴይን የሚያዋጣው ኩላሊት ለደረሰ ኢንፌክሽን፣ ለነፍሰ ጡርና ካቴተር ላለበት ሰው ነው፤ ሽንት ብቻ ለሚያቃጥላት ወጣት ሴት አያስፈልግም። ሽንቱ አይሽከርከር። በደንብ ተቀላቅሎ አንድ ጠብታ፣ 10 ማይክሮ ሊትር ያህል፣ ሳይዘረጋ ይድረቅ። በዘይት ሌንስ በየፊልዱ በአማካይ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ከታየ በሚሊ ሊትር ወደ 100,000 ይጠጋል። ሮዝ በትር ከሆነ ሴፍትሪያክሶን ወይም ጀንታማይሲን ትክክለኛ መነሻ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ግን ሴፍትሪያክሶን ይቀድማል። ጥንድና አጭር ሰንሰለት የሠራ ወይን ጠጅ ኮካይ ከሆነ ግን ኢንትሮኮከስን አስቡ፤ አምፒሲሊን ያስፈልጋል።

አክታ አድካሚ ናሙና ነው። መጀመሪያ በባለ 10 ሌንስ እዩት፦ በፊልድ ከ25 በላይ ነጭ የደም ሴልና ከ10 በታች የአፍ ቆዳ ሴል ካለው ጥሩ ነው። የአፍ ሴሉ ከበዛ ምራቅ ነው፤ በዘይት ሌንስ አትዩት፣ ሌላ ናሙና ጠይቁ። ምራቅ ላይ የታየ «ግራም ፖዘቲቭ ዲፕሎኮካይ» ሐኪሙን ከማሳሳት በቀር የሚጠቅመው የለም። ተመላላሽ ሆኖ ለሚታከም የሳንባ ምች ጭራሽ አያስፈልግም፤ ለከባድና ለተኛ ሕመምተኛ ይቆየን።

የወንድ ብልት ፈሳሽ ላይ በነጭ የደም ሴል ውስጥ የገቡ ሮዝ ዲፕሎኮካይ ከታዩ ጨብጥ ነው፤ ምልክት ባለው ወንድ ላይ ስላይዱ ከ95 በመቶ በላይ ይይዛል። በሴት የማኅፀን በር ናሙና ላይ ግን ግማሹን ያህል ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ለሴቶች በስላይድ ባዶነት ሕክምና አይከልከል። ለሰገራ፣ ለጉሮሮ ጥራጊና በቀጥታ ለተወሰደ ደም ግራም ስቴይን አትሥሩ። ካልቸር ላይ የበቀለ የደም ጠርሙስ ግን የተለየ ነው፤ የዚያ ስላይድ ውጤት በስልክ በዚያው ሰዓት መነገር አለበት።

አሠራሩ፣ የሚበላሸውም የት እንደሆነ

ስላይዱን በእርሳስ ጻፉበት፤ ማርከር በአሴቶን ይታጠባል። ስሚሩ (ስላይዱ ላይ የተቀባው ናሙና) ከሥሩ ጋዜጣ የሚያስነብብ ያህል ስስ ይሁን። በአየር ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በክረምት ደሴና ቦሩ ሜዳ ላይ አየሩ ስለሚረጥብ ማድረቁ ጊዜ ይወስዳል፤ በችኮላ ርጥብ ስላይድ እሳት ላይ የያዘ ሰው ሴሎቹን ይቀቅላቸዋል፣ ቅርጻቸውም ይጠፋል። ለሲኤስኤፍና ለጨብጥ ከእሳት ይልቅ ሜታኖል ለ2 ደቂቃ ይሻላል፤ ሴሉ ቅርጹን ይይዛል፣ ስሚሩም አይታጠብም። በእሳት ከሆነ ሦስት ጊዜ አሳልፉት፤ የእጅ ጀርባ ላይ ሲነካ ሞቅ ይበል እንጂ አያቃጥል።

ክሪስታል ቫዮሌት 1 ደቂቃ፣ በውኃ ማጠብ። አዮዲን 1 ደቂቃ፣ ማጠብ። ቀለም ማስለቀቅ፣ ወዲያው ማጠብ። ሳፍራኒን 1 ደቂቃ፣ ማጠብ፣ አቁሞ ማድረቅ። ከአራቱ ሁሉን የሚያበላሸው ሦስተኛው ነው። አሴቶን ብቻውን ከሆነ ከ2 እስከ 3 ሴኮንድ፣ አሴቶንና አልኮል እኩል ከተቀላቀሉ ከ5 እስከ 10፣ 95 በመቶ አልኮል ብቻውን ከሆነ ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ይበቃል። ስቶር ውስጥ አሴቶን አልቆ በአልኮል ሲተካ፣ ወይም ተገላቢጦሹ ሲሆን፣ ጊዜው ካልተለወጠ ውጤቱ በሙሉ ይዛባል። ጠርሙሱ ላይ የፈሳሹን ዓይነትና የሴኮንዱን ቁጥር ጻፉ። እንደ ኮቦ፣ ባቲና ከሚሴ ባለ ሞቃት ቦታ አሴቶን ክፍት ከተተወ ይተናል፤ ቅይጡም የመጀመሪያው ቅይጥ አይሆንም።

ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ፦ 2 ግራም ክሪስታል ቫዮሌት በ20 ሚሊ ሊትር 95 በመቶ አልኮል፣ 0.8 ግራም አሞኒየም ኦክሳሌት በ80 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ለየብቻ ተሟሙተው ይቀላቀሉ፤ አንድ ቀን አድሮ ይጣራ። አዮዲኑ 1 ግራም አዮዲን፣ 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድና 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው። ሻይ የመሰለው ቀለሙ ከገረጣ ጣሉት፤ የደከመ አዮዲን ክሪስታል ቫዮሌቱን ስለማይዝ ግራም ፖዘቲቩ ሁሉ ኔጋቲቭ ይመስላል። የቆየ ክሪስታል ቫዮሌት ደግሞ ደቃቅ ዝቃጭ ያወጣል፤ ስላይድ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ኮካይ ይመስላል። ማይክሮስኮፑን በፎከስ ከፍ ዝቅ ስታደርጉ ከሴሎቹ በተለየ ከፍታ ላይ ጥርት የሚል፣ መጠኑም አንድ ያልሆነ ነገር ዝቃጭ ነው።

አሁን ስላይዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከባክቴሪያው በፊት ዓይናችሁ ነጭ የደም ሴሉ ላይ ይረፍ፤ ሦስት አራት ጉብታ ያለውን ኒውክለስ ፈልጉ። ያ ኒውክለስ ሮዝ ወይም ቀይ መሆን አለበት። ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ በቂ አልለቀቀም፤ እዚያ ፊልድ ላይ ያለ «ግራም ፖዘቲቭ» አይታመንም። ስሚሩ አንዱ ጋ ወፍራም ሌላው ጋ ስስ ከሆነ በአንዱ ስላይድ ላይ ሁለቱንም ታገኛላችሁ፤ ኒውክለሱ ሮዝ የሆነበትን ጠርዝ መርጣችሁ አንብቡ። ከመጠን በላይ መልቀቁን ግን ኒውክለሱ አያሳይም፤ በሁለቱም ሮዝ ነው። ለዚህ ነው በየቀኑ መቆጣጠሪያ ስላይድ የሚያስፈልገው። ስታፊሎኮከስና ኢ. ኮላይ የታወቀ ዝርያ ከሌላችሁ ከጥርስ ድድ ጠርዝ በእንጨት የተጫረ ስሚር ሁለቱንም ዓይነት ይዟል፤ ወይን ጠጁም ሮዙም ካልታየ የዚያን ቀን ሥራ አትጀምሩ።

ይህ ስሕተት በተግባር ምን እንደሚያመጣ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ቀለሙ ከልክ በላይ የለቀቀ ኒሞኮከስ ሮዝ ዲፕሎኮካይ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «ግራም ኔጋቲቭ ዲፕሎኮካይ» ይጻፋል፤ ሐኪሙ ሜኒንጎኮከስ ነው ብሎ በ7 ቀን ያቆማል፣ ወረዳው ደግሞ ለወረርሽኝ ይነሳል። ሕመምተኛው ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልገው ነበር። ተቃራኒውም አለ፦ አሲኔቶባክተር ክሪስታል ቫዮሌትን ይዞ ስለሚቀር ወይን ጠጅ ኮካይ ይመስላል፤ ሆስፒታል ውስጥ በተያዘ ቁስል ላይ ብቻውን ያለ፣ ቅርጹ ያልጠራ ወይን ጠጅ ዲፕሎኮካይ ስታዩ ስላይዱን ድገሙት።

የውኃ ቧንቧና የዘይት ጠርሙስም ምንጭ ናቸው። ነጭ የደም ሴል በሌለበት ሲኤስኤፍ ላይ ባክቴሪያ ከታየ፣ ወይም በአንድ ቀን የተሠሩ ስላይዶች ሁሉ አንድ ዓይነት በትር ካሳዩ፣ ንጹሕ ስላይድ ላይ ውኃውንና ቀለሙን ብቻ ሠርታችሁ እዩ።

ግራም ስቴይን የማይመልሰው፣ ሌላ ቀለም የሚመልሰው

የሚያተኩሰውና የሚያንቀጠቅጠው ሕመምተኛ ሁሉ የግራም ስቴይን ሕመምተኛ አይደለም። ለወባ የተሠራው የጊምሳ ወይም የራይት ስላይድ ላይ በቀይ የደም ሴሎች መካከል የተጠማዘዘ ክር የመሰለ ነገር ፈልጉ፤ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ በዚያ ይታያል፣ በግራም ስቴይን ግን አይታይም። በተጨናነቀ ቤትና በብርዳማው ደጋ ላይ ይህን መርሳት አይገባም። ሕክምናው በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒት ነው፤ ከመጀመሪያው መጠን በኋላ በሰዓታት ውስጥ ትኩሳቱ ይባባሳል፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ አስተኝቶ መከታተል እንጂ ክኒን ሰጥቶ መሸኘት አይሆንም። የሳንባ ነቀርሳ የዚል ኒልሰን ወይም የጂን ኤክስፐርት ሥራ ነው። አባ ሰንጋን ለማረጋገጥ ፖሊክሮም ሜቲሊን ብሉ ሰማያዊውን በትር በሮዝ ሽፋን ከብቦ ያሳያል።

ውጤቱን ማድረስ

ላብራቶሪው ያየውን ይጻፍ፣ የገመተውን አይጻፍ። «ሜኒንጎኮከስ» ሳይሆን «ግራም ኔጋቲቭ ዲፕሎኮካይ፣ ብዙ፣ በሴል ውስጥና ውጭ፤ ነጭ የደም ሴል ብዙ» ይባል፤ ስሙን ሕመሙን የሚያየው ሐኪም ይጨምርበት። ባዶ ሲሆንም «ኔጋቲቭ» ብቻ ሳይሆን «በ100 ፊልድ ባክቴሪያ አልታየም፤ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ የተወሰደ ናሙና» ተብሎ ይጻፍ። ለዚህ ደግሞ የመጠየቂያው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መርፌ የተሰጠበት ሰዓት መኖር አለበት፤ ያለዚያ ሰዓት ባዶ ስላይድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የሲኤስኤፍ ውጤት ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ እስኪነሳ አይጠብቅ፤ በስልክ ተነግሮ የተቀበለው ሰው ስምና ሰዓት ይመዝገብ።

ሪፈር የሚልክ ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ባይኖረውም ሊያግዝ ይችላል። መግል ወይም የብልት ፈሳሽ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ሁለት ስስ ስሚር ይሥራ፤ በአየር ይድረቅ፣ በሙቀት ይያዝ፣ የሕመምተኛው ስምና ሰዓቱ በእርሳስ ይጻፍበት። ሁለቱ ስላይዶች ፊታቸው እንዳይነካካ በመካከላቸው የክብሪት እንጨት ገብቶ በወረቀት ተጠቅልለው ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ይሂዱ። ቀለም ያልተቀባ፣ ደርቆ የተያዘ ስላይድ ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ ያለ በረዶ ሳጥን ይጓዛል፤ አንዱ ለግራም፣ ሁለተኛው ለመድገሚያ ይሆናል።